የሱሉልታው ቤት ይቆይ

ጥያቄው፦ «እኔ 64 ዓመቴ ነው፣ ባለቤቴ 62። የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሁለታችንም የአሜሪካ ዜጎች ነን። እኔ ፓርኪንግ፣ እሷ ደግሞ አረጋውያን በመንከባከብ 28 ዓመት ሠርተናል። ሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ) በ67 ዓመታችን ለእኔ 2,000፣ ለእሷ 1,100 ዶላር በወር ይላል። አሁኑኑ ከወሰድን 1,600 እና 770 ነው። 401ኬ (በሥራ ቦታ የሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) ላይ 90,000 ዶላር አለን። ሙሉውን አውጥተን ሱሉልታ ቤት ሠርተን ብንገባስ? የአጎቴ ልጅ ከገበሬ 300 ካሬ አግኝቶልናል፣ ቀብዱን እስከ መስከረም ላኩ እያለ ነው። ጓደኞቼ ደግሞ ከ30 ቀን በላይ ከአሜሪካ ከወጣህ ጡረታህ ይቆረጣል ይሉኛል። ለመሆኑ እዚያ ለሁለት ሰው ደህና ኑሮ በወር ስንት ብር ይበቃል?»

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ምክንያቱም ጥያቄው ራሱ ነው የተሳሳተው። ገቢዎ በዶላር ነው፣ ወጪዎ በብር። ዛሬ በብር የምነግርዎት ቁጥር ሻንጣዎን አሽገው እስኪመጡ ድረስ ያረጃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ያኔ ዶላር የሚላክላቸው ደንበኞቼ ሁሉ ደስ ብሏቸው ነበር። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ግን ረስተዋቸዋል። በ2014 እና በ2015 የዋጋ ንረቱ 30 በመቶ አካባቢና ከዚያም በላይ ሲጋልብ፣ የባንኩ ዶላር ከ46 ብር ገደማ ተነስቶ 55 ላይ ነው የደረሰው። አስቡት፣ ገበያው በሁለት ዓመት ከግማሽ በላይ ተወዷል፣ የምንዛሪው ጭማሪ ግን 20 በመቶ አይሞላም። በዶላር የሚኖር ጡረተኛ የመግዛት አቅሙን ወደ ሲሶ የሚጠጋ አጣ ማለት ነው፣ ዶላሩ ግን አንድም አልቀነሰችም።

ሶሻል ሴኩሪቲ በየዓመቱ የሚጨምረው የአሜሪካን የዋጋ ንረት አይቶ ነው። የፈረንጆቹ 2026 ጭማሪ 2.8 በመቶ ነው። የሱሉልታን የሽንኩርት ዋጋ ዋሽንግተን አታይም። ስለዚህ «ዶላር ካለኝ ምን አስጨነቀኝ» የሚለው ሐሳብ ግማሽ እውነት ነው። አንዳንድ ዓመት ዶላሩ ይቀድማል፣ አንዳንድ ዓመት ገበያው ይቀድመዋል። ባጀትዎ ገበያው የቀደመባቸውን ዓመታት የሚችል መሆን አለበት።

የ30 ቀኑ ነገር እርስዎን አይመለከትም። ጓደኞችዎ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ቀላቅለዋል። ኤስኤስአይ የሚባለው፣ ገቢ ለሌላቸው አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ድጎማ ነው። እሱ ተቀባዩ ለ30 ተከታታይ ቀናት ከአሜሪካ ውጭ ከሆነ ይቆማል። እናቶቻችን ለፋሲካ መጥተው ሳይጠግቡን የሚሮጡት ለዚህ ነው። የእርስዎ ግን ሠርተው የከፈሉበት ጡረታ ነው። 40 ነጥብ፣ ማለትም የ10 ዓመት ሥራ፣ ይጠይቃል፤ እናንተ 28 ዓመት አላችሁ። የአሜሪካ ዜጋ ደግሞ ኢትዮጵያ ሆኖ መቀበል ይችላል። በግሪን ካርድ ላሉ ሰዎች ሕጉ ሌላ ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ ጣጣ ሊመጣባቸው ይችላል። ስለዚህ የእናንተን መልስ ለጎረቤት አታውሱ።

የእርስዎን ክፍያ ሊያስቆም የሚችለው ሌላ ነገር ነው፣ ወረቀት። ውጭ አገር የሚኖሩ ተቀባዮች «አሉ ወይ፣ አድራሻዎ ይኸው ነው ወይ» የሚል መጠይቅ በፖስታ ይላክላቸዋል። ቁጥሩ ኤስኤስኤ 7162 ነው። ሞልተው ካልመለሱ ክፍያው ይታገዳል። እዚህ ኢትዮጵያ ደግሞ ፖስታው መኖሪያ ቤትዎ ድረስ አይመጣም። ፖስታ ሳጥን ከሌለዎት ደብዳቤው የትም ቀርቶ እርስዎ ባንክ ቤት ሄደው ነው የሚሰሙት። ከቤትና ከመኪና በፊት ፖስታ ሳጥን ይከራዩ። የአሜሪካ ባንክ ሂሳብዎንም አይዝጉ፣ ስልክ ቁጥርዎንም በርካሽ ፓኬጅ ያቆዩት። ባንኩ ኮድ የሚልከው በዚያ ቁጥር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። አሁኑኑ ሁለታችሁም ብትወስዱ በወር 2,370 ዶላር ነው። እስከ 67 ብትቆዩ 3,100። በወር የ730 ዶላር ልዩነት ነው፣ ለዕድሜ ልክ። ይህንን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የማያውቁት ሌላውን ነው፦ ከባልና ሚስት አንዱ ሲሞት የቀረው ሁለቱንም ቼክ አይወስድም። የሚቀርለት ትልቁ ብቻ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና በቁጥር ላስቀምጠው። ዛሬ 1,600 ጀምረው ከሰባት ዓመት በኋላ እግዜር ቢወስድዎ፣ የባለቤትዎ ገቢ ከ2,370 ወደ 1,600ዎቹ ውስጥ ይወርዳል። ኪራዩ ግን ያው ነው፣ ዘበኛውም ያው ነው፣ መድኃኒቷም ያው ነው። የእርስዎን ቼክ ማሳደግ ማለት ለእሷ የሕይወት ዋስትና መግዛት ማለት ነው። ለዚህ ነው የእርስዎ እና የእሷ ውሳኔ አንድ ዓይነት መሆን የለበትም የምለው።

401ኬውን በሙሉ ማውጣት የሚለውን ይርሱት። ከ59 ዓመት ተኩል ስላለፉ ያለዕድሜ በማውጣት የሚጣለው የ10 በመቶ ቅጣት የለም፣ ይሄ እውነት ነው። ግን 90,000ው በአንድ ጊዜ ሲወጣ 20 በመቶው ለፌደራል ግብር እዚያው ተቆርጦ ይቀራል። እጅዎ የሚገባው 72,000 ነው። ያ ገንዘብ ደግሞ በዓመቱ ደሞዛችሁ ላይ ተደምሮ ወደ 22 በመቶው የግብር እርከን ሊገፋችሁ ይችላል። ቨርጂኒያም የራሷን ድርሻ ትጠይቃለች። በትንሽ በትንሹ ቢያወጡት ግን፣ ሥራ ካቆሙ በኋላ፣ ከፌደራል ግብሩ አብዛኛው አይነካችሁም።

ስለ መሬቱ ግልጽ ልናገር። ኢትዮጵያ ውስጥ መሬት አይሸጥም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ሦስት ምስክር ቢፈርምበትም፣ ሽማግሌ ቢመርቅበትም፣ ከገበሬ ጋር የተጻፈ የሽያጭ ውል ካርታ አይሆንም። «ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የገዛው» ይልዎታል የአጎትዎ ልጅ። ልክ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ገዝቶ ብዙ ሰው አልቅሷል። ሱሉልታ በ2015 ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከለገጣፎና ከሌሎች ጋር ተጠቃሎ ሸገር ከተማ ሆኗል። በዚያው ዓመት ሕገወጥ ተብለው የፈረሱት ቤቶች ብዙ ናቸው። ሰው በአፉ «አዲስ አበባ ነው» ቢልዎትም ወረቀቱ የሚወጣው ከኦሮሚያ፣ ከሸገር ነው። አራት ኪሎ ያለ ዘመድ ሊያስጨርስልዎ አይችልም።

የአጎትዎ ልጅ ክፉ ሰው ነው እያልኩ አይደለም። ምናልባት ከልቡ ነው። ግን ከደላላው የሚያገኛት ነገር ካለች ዓይኑን ትጋርደዋለች። አንድ ቀን የምር ስትገዙ፣ ካርታ ያለው ቤት ይሁን። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን ከተማው ቢሮ ሄዶ የሚያጣራ ጠበቃ ራሳችሁ ክፈሉ። ደላላው ያመጣው ጠበቃ አይደለም። ቢጫ ካርድ ካወጣችሁ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ፣ በአዋጅ 270/1994 መሠረት ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ መኖር፣ በስማችሁም ቤት መያዝ ትችላላችሁ። ስለዚህ በዘመድ ስም መግዛት የሚባለው ነገር ምክንያት የለውም። ውክልና መስጠት ግድ ከሆነም «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚሉት ቃላት አይግቡበት።

ሕጋዊ ቢሆን እንኳ ቤት መጀመር አልመክርም። ምክንያቴ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሱሉልታ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ። ሯጮች የሚወዱት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። የልብ ወይም የሳንባ ችግር ላለበት የ65 ዓመት ሰው ግን ስስ አየር ቁም ነገር ነው። የሐምሌ ብርድ ደግሞ ቨርጂኒያ ካለው ይለያል፣ ምክንያቱም ቤት ውስጥ ማሞቂያ የለም። ሌሊት ደረትዎን ቢይዝዎ መንገዱ አንድ ነው፤ በጭጋግ ውስጥ እንጦጦን አቋርጦ ወደ አዲሱ ገበያ መውረድ፣ ከዚያ ጳውሎስ። በቀን ጥሩ መንገድ ነው። በነሐሴ ሌሊት ሄደውበት ያውቃሉ?

እኔ ራሴ ለገጣፎ ነው የምኖረው። ውሃ በሳምንት የሚመጣልን በተራ ነው፣ አንዳንዴ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ባለቤቴ የቧንቧውን ፉጨት ስትሰማ ትነሳለች፣ ፓምፑን ትለኩሳለች፣ ሮቶው እስኪሞላ ኩሽና ወንበር ላይ ኩርምት ብላ ትጠብቃለች። መብራት በዚያ ሰዓት ከሌለ ፓምፑ አይሠራም። ያን ሳምንት በቦቴ እንገዛለን። ለእኛ ለለመድነው ይሄ ኑሮ ነው። 30 ዓመት ቧንቧ ከፍቶ ውሃ ለለመደ ሰው ግን መጀመሪያ ተከራይቶ የሚሞከር ነገር ነው። ዳር ከተማ ርካሽ ነው ሲባል ኪራዩ ብቻ ነው የሚታየው። ሮቶው፣ ፓምፑ፣ ኢንቨርተሩ፣ ዘበኛው፣ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ወደ መሐል ከተማ የሚያስወርደው ራይድ አይታይም። መኪና ይዤ እመጣለሁ ካሉም፣ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ተከልክሏል። የኤሌክትሪክ ይገባል፣ የመብራቱን ነገር ግን ነግሬዎታለሁ።

ከምግብና ከኪራይ በላይ የዲያስፖራ ባጀት የሚያፈስሰው ግን ሌላ ነው። አንድ ደንበኛዬ፣ ከሲያትል የመጡ ጋሼ፣ በየወሩ ባለ 32 ሉክ ደብተር ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። የቤት ወጪያቸው በግራ፣ «ሌላ» የሚሉት በቀኝ። በግራ በኩል ጤፍ፣ ዘይት፣ የሠራተኛ ደሞዝ፣ መብራት። በቀኝ በኩል ለቅሶ፣ ክርስትና፣ የእህታቸው ልጅ የኮሌጅ ክፍያ፣ የሰፈር እድር፣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ሰርግ፣ «እመልሳለሁ» የተባለ ብድር፣ እንደገና ለቅሶ። አንድ ወር ስንደምረው ቀኙ ግራውን በለጠው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው «እኔ እኮ ለመጦር ነበር የመጣሁት» አሉኝ። ጥፋት አላጠፉም። ከውጭ የመጣ ሰው አድርግ ሲባል አላደርግም ማለት ይከብደዋል፣ ካላደረገም ወሬው ይከብደዋል። መድኃኒቱ መከልከል አይደለም፣ ጣሪያ ማበጀት ነው። ከገቢያችሁ 10 በመቶውን «የዘመድ» ብላችሁ ለዩ፣ ሲያልቅ አለቀ። ዕድሩ ውስጥ ግን በገባችሁበት ወር ተመዝገቡ፣ እሱ ወጪ ሳይሆን መድን ነው። ብድር ለዘመድ አትስጡ። መስጠት ከፈለጋችሁ ስጡ፣ እመልሳለሁ ቢላችሁም እንደ ስጦታ ቁጠሩት።

ሕክምና ላይ ቀልድ የለም። ሜዲኬር፣ ማለትም 65 ለሞላቸው የሚሰጠው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ዋስትና፣ ከአሜሪካ ውጭ በጥቅሉ አይከፍልም። እርስዎ ደግሞ 65 ስላልሞሉ ገና አልገቡበትም። ዛሬ ቢመጡ ያለ ምንም ዋስትና ነው። 65 ሲሞሉ ደግሞ በዚያ አካባቢ ባሉት ሰባት ወራት ውስጥ ካልተመዘገቡ፣ ክፍል ቢ የሚባለው፣ የሐኪምና የተመላላሽ ሕክምናው፣ ወርሃዊ ክፍያ በዘገዩበት በየ12 ወሩ 10 በመቶ ይጨምርብዎታል፤ ጭማሪውም አብሮዎት ይኖራል። ክፍል ኤ፣ የሆስፒታሉ፣ ለእናንተ ነጻ ነው፣ መመዝገብ ብቻ ነው። ክፍል ቢ በፈረንጆቹ 2025 በወር 185 ዶላር ነበር፣ ከዚያም እየጨመረ ነው። «ኢትዮጵያ ሆኜ ለማልጠቀምበት ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። የኔ መልስ፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ይክፈሉ። ካንሰር ወይም የልብ ቀዶ ሕክምና ከመጣ አሜሪካ ተመልሰው የሚታከሙበት በር እሱ ነው። ሁለት ዓመት ኖራችሁ፣ ከአሁን በኋላ የትም አንሄድም ካላችሁ፣ ያኔ እንደገና እናየዋለን።

ለየዕለቱ የደም ግፊትና የስኳር ክትትል አዲስ አበባ ጥሩ ሐኪሞች አሉ፣ ዋጋውም ከአሜሪካ ጋር አይወዳደርም። ችግሩ የግል ሆስፒታል ሲተኙ ቅድሚያ ክፍያ በጥሬው መጠየቁ ነው። የለመዱት መድኃኒት የሚጠፋበት ወርም አለ። ስለዚህ ለሕክምና ብቻ የማይነካ 20,000 ዶላር፣ አሜሪካ ባንክ ውስጥ፣ ይቀመጥ። ለመመለሻ ደግሞ የሁለት ሰው ትኬትና እዚያ የሦስት ወር ኪራይ። ይህ ገንዘብ ወደ ብር አይለወጥም። ብር ውስጥ የሚገባው የአንድ ወር፣ ቢበዛ የሁለት ወር ወጪ ብቻ ነው። ሲመነዝሩም በባንክ። በጥቁር ገበያ የሚያገኟት ትርፍ ከሚያመጣው ጣጣ ጋር አትመጣጠንም። እዚህ ባንክ ሂሳብ ሲከፍቱ የፋይዳ (የብሔራዊ መታወቂያ) ቁጥር ይጠየቃሉ። በውጭ አገር ያሉ ሂሳቦቻችሁ ድምር በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን 10,000 ዶላር ካለፈ ደግሞ ለአሜሪካ ግምጃ ቤት ማሳወቅ አለባችሁ። ግብር አይደለም፣ ማሳወቅ ነው። ቅጣቱ ግን ከባድ ነው።

እንግዲህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የማደርገው ይሄ ነው። ይህን ዓመት እሠራለሁ። 65 ሞልቼ ሜዲኬር ከተመዘገብኩ በኋላ ሁለታችንም እንመጣለን። ባለቤትዎ ያኔ 63 ትሆናለች፣ የእሷን ሶሻል ሴኩሪቲ ታስጀምር፣ 825 ዶላር ገደማ ነው። ሥራ ላይ እያለች ብትጀምር ደሞዟ ከገደቡ ባለፈ ቁጥር ይቀነስባታል፣ ስለዚህ ካቆመች በኋላ። የእርስዎን እስከ 67 አይንኩ። ክፍተቱን ከ401ኬው በወር 1,200 እያወጡ ይሙሉት። በወር 2,025 ዶላር ይሆናል፤ በ24 ወር ከ401ኬው የሚወጣው 28,800 ነው፣ ወደ 61,000 ይቀራል። ሕክምናውና መመለሻው ከዚያ ይቀመጣል። 67 ሲሞሉ የእርስዎ 2,000 ይጀምራል፣ ሁለቱ ሲደመሩ 2,825 ናቸው። ግምቱ እስከ 67 እንደሚሠሩ አድርጎ የተሰላ ስለሆነ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፣ ብዙ አይደለም። ከሁለታችሁ አንዱ ቢቀድም ለቀሪው 2,000ው ይቆያል።

የአሜሪካ ጡረታ ፈንድም የራሱ ችግር አለው። በፈረንጆቹ 2025 የወጣው የፈንዱ ባለአደራዎች ሪፖርት ሕጉ ካልተሻሻለ የተጠራቀመው ገንዘብ በፈረንጆቹ 2033 ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ 77 በመቶውን ብቻ መክፈል ይቻላል ይላል። ኮንግረስ እስከዚያ ዝም ይላል ብዬ አላስብም። ግን ባጀትዎ 2,825ን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም የሚበላ ከሆነ ጠባብ ነው። በ2,000 የሚኖር ቤት አብጁ።

ከዚያች ገቢ ላይ ኪራይ ከሩቡ አይለፍ። ዘመድ 10 በመቶ። ክፍል ቢ እና መድኃኒት የራሳቸው መደብ ይኑራቸው። በዓመት አንድ ጊዜ ልጆችን ለማየት ትኬት በየወሩ ይጠራቀም፣ ሲደርስ አይፈለግ። ቀሪው የቤት ነው፤ በዚህ ሁለት ሰው ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ጥሩ በልቶ፣ እሑድ እሑድ ቢሾፍቱ ወርዶ ይኖራል። እንዲያውም ቢሾፍቱን ቁም ነገር አድርጋችሁ እዩት። 1,900 ሜትር ገደማ ነው፣ ሞቅ ይላል፣ የፍጥነት መንገዱም ቅርብ ነው። ሱሉልታን የመረጣችሁት የአጎትዎ ልጅ እዚያ ስላለ ከሆነ ይሄ ምክንያት አይበቃም።

ከመምጣታችሁ በፊት በሚቀጥለው ክረምት ሐምሌንና ነሐሴን ኑሩበት። ጥር አይደለም፣ በጥር ሁሉም ቦታ ያምራል። ዕቃው የተሟላለት ቤት ሱሉልታ አንድ ወር፣ ቢሾፍቱ አንድ ወር ተከራዩ። ሠራተኛውንም፣ ውሃውንም፣ መንገዱንም፣ ዘመዱንም እዩ፤ ያወጣችሁትን በደብተር ጻፉ፣ በግራና በቀኝ። ቋሚ ቤት ስትከራዩም በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። አከራዩ ስድስት ወር ቢጠይቅ ሕጉን ጥቀሱለት፣ ባይሰማችሁ ሌላ ቤት አይታጣም።

ቀብዱን አይላኩ። ለአጎትዎ ልጅ «ሽማግሌ ሆኜ ነው፣ ሐኪም ብርድ ከለከለኝ» ይበሉት፣ አይቀየምዎትም። አስቀድመው ልከው ከሆነ ደግሞ የሐዋላውን ደረሰኝ አስቀምጡት፣ ውሉ ተጻፈ አልተጻፈ ዛሬውኑ ደውለው ይጠይቁት። ካልተጻፈ ገንዘቡ ከገበሬው እጅ ሳይገባ ሊመለስ ይችላል።